የቤይሩት የሰኖበር ዱርና የሊባኖስ ዝግባ

ዳዊት የደገመ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሊባኖስን በዓይኑ ሳያይ በስሙ ያውቀዋል። በመዝሙረ ዳዊትና በመኃልየ መኃልይ፥ በመጽሐፈ ነገሥትና በነቢያት ቃል ውስጥ የሊባኖስ ዛፍ የጽድቅና የክብር፥ አንዳንድ ጊዜም የትዕቢት ምሳሌ ሆኖ ይነሣል፤ መምህራንም በትርጓሜያቸው ስለ ቁመቱ፥ ስለ መዓዛውና ስለ አለመንቀዙ ብዙ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ምሳሌው እንደዚህ የታወቀ ሲሆን፥ ዛፉን ማን ቈረጠው፥ ማን ተከለው፥ ማንስ ጠበቀው የሚለው ታሪክ ከምሳሌው ያነሰ ይታወቃል።

ከባሕር ወደ ቤይሩት የሚቀርብ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የመጻሕፍቱን ዛፍ አይደለም። የሊባኖስ ዝግባ በረዶ በሚወርድበት በከፍተኛው ተራራ የሚበቅል ነው፤ ለከተማይቱ ቅርብ የሆነውና ከዳርቻዋ ጀምሮ እስከ መትን ኮረብታዎች የሚዘልቀው ዐረቦች ሰኖበር የሚሉት፥ በአማርኛ የራሱ ስም የሌለው ዛፍ ነው። ግንዱ ያለ ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጫፉ በበዓል ቀን እንደ ተዘረጋ ድባብ ክብ ሆኖ ይከፈታል። የሁለቱ ዛፎች ነገር የተያያዘ ስለ ሆነ በአንድነት ይነገራል። የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር አስቀድሞ መለየት ይገባል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖሱን ዛፍ ዝግባ ብሎ ይጠራዋል፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ዝግባ የሚባለው ዛፍ ከሊባኖሱ ጋር አንድ ዘር አይደለም። የሊባኖሱ በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ የማይበቅል ሲሆን፥ ተርጓሚዎች ረጅምና ግርማ ያለው፥ ሕዝቡም የሚያውቀው ዛፍ ፈልገው በዚያ ስም ጠሩት። በመዓዛና ምስጥ ባለመብላቱ ቢሆን ኖሮ ይልቁንም ጥድ ይቀርበው ነበር። እንግሊዞችም በበኩላቸው የኢትዮጵያውን ጥድ እርሳስ ስለሚሠራበት በሊባኖሱ ዛፍ ስም «የእርሳስ ሴዳር» ብለው ጠርተውታል። ስለዚህ አንዱ ስም በሁለት አቅጣጫ ተሳስቷል፤ ተርጓሚውን ግን የሚወቅሰው አይኖርም፤ አንባቢው ያላየውን ዛፍ ባየው ዛፍ ማስረዳት ከትርጕም ሥራ አንዱ ነውና።

የሊባኖስ እንጨት ንግድ እጅግ ጥንታዊ ነው። በጣሊያን አገር በፓሌርሞ ከተማ የሚገኘው የግብጽ ነገሥታት የድንጋይ ጽሑፍ፥ ንጉሥ ስነፍሩ እንጨት የሞላባቸውን 40 መርከቦች እንዳስመጣ ይናገራል፤ ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት 2600 ዓመት ገደማ ነው። የልጁ የኩፉ መርከብ በ1954 በጊዛ ከታላቁ ፒራሚድ አጠገብ ተፈልጎ ሲወጣ፥ 43 ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መርከብ በአብዛኛው ከሊባኖስ ዝግባ የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ከአራት ሺሕ ዓመት በላይ ከመሬት በታች ቈይቶ ሳንቃው አልበሰበሰም ነበር። እንጨቱ በብዛት የሚጫነው መጽሐፍ ቅዱስ ጌባል በሚላት፥ ከቤይሩት በስተ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ወደብ ነበር። ሰሎሞን ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም ጋር ስለ ቤተ መቅደሱ እንጨት ያደረገው ስምምነት እንግዲህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሰሎሞን ሲመጣ ገበያው ከሺሕ ዓመት በላይ የቈየ ነበር።

ይህ ሁሉ ፈላጊ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዝግባው በውስጡ መዓዛማ ዘይት ስላለው ነቀዝ ይሸሸዋል፤ ግንዱም ረጅም ስለሆነ ለመርከብና ለሰፊ አዳራሽ ጣሪያ ያገለግላል። ሙጫው ደግሞ ለሬሳ ማድረቂያ ይፈለግ ነበር። ነገር ግን ቶሎ አይተካም፤ ፍሬ ለማፍራት እንኳ አርባ ዓመት ያህል ይቈያል። በአንድ ቀን የሚወድቀውን ዛፍ ለመተካት ቈራጩም ልጁም ዕድሜ አይበቃቸውም።

ይህን ነገር በሕግ ለመግታት ከሞከሩት መካከል አሠራሩ በግልጥ የሚታወቀው የሮማ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ነው። እርሱ ከ117 እስከ 138 ሲነግሥ በሊባኖስ ተራራ ላይ አራት ዓይነት ዛፎች የንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፥ የቀረው ለግል ሰው የተፈቀደ ነው የሚል ትእዛዝ በአለት ላይ በላቲን አሕጽሮት እንዲቀረጽ አደረገ። የፈረንሳይ ሊቅ ኤርነስት ሬናን በ1860 እና በ1861 በተራራው ላይ እየተዘዋወረ ከነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን መዝግቧል፤ እስከ ዛሬ የታወቁት 200 ያህል ናቸው፤ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክርም ሊታዩ ይችላሉ። አራቱ ዓይነቶች እነማን እንደ ሆኑ የድንጋዩ ጽሑፍ ስለማይዘረዝር ሊቃውንት ይከራከሩበታል። አንድ ነገር ግን ሊስተዋል ይገባል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዱሩን የከለለው ለዱሩ አዝኖ ሳይሆን ለመርከቦቹ ነው። ጠባቂው ራሱ ዋናው ቈራጭ በሆነበት ሕግ ዱር ለጥቂት ዘመን ይተርፋል እንጂ አይድንም፤ የሮማ ሥልጣን ሲያልፍም አለቱ ላይ ጽሑፉ ቀረ፥ በአለቱ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ግን በብዙ ስፍራ የለም።

ወደ ቤይሩት ሰኖበር እንመለስ። የአገሩ ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው፥ ዱሩን የተከለው በ1572 ተወልዶ በ1635 የሞተው የሊባኖስ አሚር ፋኽረዲን ነው፤ ከደቡብ የሚነፍሰው የባሕር አሸዋ ወደ ከተማይቱ እንዳይገባ ብሎ ተከለው የሚል ነው። ነገሩ ያማረ ቢሆንም ከርሱ በፊት የነበሩ ጻፎች ይቃወሙታል። የኢየሩሳሌም ንጉሥ ባልድዊን በ1110 ቤይሩትን ሲከብብ፥ የመስቀል ጦረኞቹ ለቅጥሩ መሰላልና ለመደብደቢያ መሣሪያ የሚሆነውን እንጨት በከተማይቱ አጠገብ ካለው የሰኖበር ዱር እንደ ቈረጡ የጢሮሱ ሊቀ ጳጳስ ጊዮርጊስ ሳይሆን ጊዮም (ዊልያም) በታሪኩ ጽፏል። በ1154 መጽሐፉን የፈጸመው የጂኦግራፊ ሊቅ አል ኢድሪሲም ከቤይሩት በስተ ደቡብ እስከ ተራራው የሚደርስ፥ አሥራ ሁለት ማይል የሚሰፋ የሰኖበር ዱር እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ አሚሩ ከባዶ መሬት ተከለ ከማለት የተጐዳውን አደሰና አበዛ ማለት ወደ እውነት የቀረበ ይሆናል። ትውፊት ለሚያድሰው ሰው የጀማሪውን ክብር መስጠት ልማዱ ነው።

በመስቀል ጦረኞችና በአሚሩ ዘመን መካከል ደግሞ የማምሉኮች ነገር አለ። የቆጵሮስ ንጉሥ ጴጥሮስ በ1365 እስክንድርያን በዘረፈ ጊዜ፥ ግብጽን ያስተዳድር የነበረው አሚር ያልቡጋ በቀሉን ለመመለስ ብዙ መርከብ በቤይሩት እንዲሠራ አዘዘ፤ አናጢዎችም ተሰብስበው የሰኖበሩን ዱር ቈረጡ። ያልቡጋ በ1366 በተገደለ ጊዜ የመርከቡ ነገር ተቋረጠ፥ ዛፉ ግን ተቈርጦ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፥ ከ1914 እስከ 1918፥ የሊባኖስ ተራራ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ የዑስማን መንግሥት ጦር ለባቡር ማገዶ የሚሆን ዛፍ ከየዱሩ ያስቈርጥ ነበር፤ የቤይሩቱም ሰኖበር ከዚህ አላመለጠም። በዚያው ጦርነት ውስጥ በዱሩ ጥግ መጫወቻ ቤት እንዲሆን የታሰበ ትልቅ ሕንጻ ተሠራ፤ የፈረንሳዩ ጄኔራል ጉሮ በመስከረም 1 ቀን 1920 የታላቋን ሊባኖስ መመሥረት ያወጀው በዚህ ሕንጻ ደረጃ ላይ ቆሞ ነው። ሕንጻው እስከ ዛሬ የሰኖበር ቤት ተብሎ የፈረንሳይ አምባሳደር መኖሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳው፥ መቃብሩና መንገዱ ከዱሩ እየቈረሱ ወሰዱ። በ1696 1,250,000 ካሬ ሜትር ይሆን የነበረው ዱር በ1967 800,000 ካሬ ሜትር ብቻ ቀረ፤ ዛሬ 300,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው።

የእርስ በርስ ጦርነት በ1975 ሲነሣ ከተማይቱን ለሁለት የከፈለው መስመር በዱሩ አጠገብ አለፈ። በ1982 እስራኤል ቤይሩትን በከበበች ጊዜ ዱሩ በቦምብ ተቃጠለና ከጥንቱ ዛፍ የቀረው ጥቂት ሆነ። ጦርነቱ በ1990 ካለቀ በኋላ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ከፈረንሳይ የኢል ደ ፍራንስ ክፍለ ሀገር ጋር ተስማምቶ አዲስ ችግኝ አስተከለ። ችግኙ እንዲጸና ተብሎ ግን በሩ ተዘጋ፤ ከጥቂት ክፍል በቀር ሕዝቡ ፈቃድ ካላገኘ አይገባም ነበር። ዛፉ አድጎ ጥላ ከሰጠ በኋላም መዝጋቱ ቀጠለ፥ ለረጅም ጊዜም የከተማው ሰዎች አቤቱታ አቀረቡ፥ ለሕዝብ በሰፊው የተከፈተው በ2016 ነው። ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ዱርን ከሰው ለይቶ መጠበቅና ከሰው ጋር መጠበቅ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለችግኝ ይበጃል፥ ለጐለመሰ ዱር ግን ጠባቂ የሚሆነው ጥላው ሥር የሚያርፈው ሰው ነው።

ከከተማይቱ ወጥቶ በመትን ኮረብታ ያለው ሰኖበር ግን በሌላ መንገድ ተጠብቋል፤ ይህም በፍሬው ነው። እንደ እንጨት በጠነከረው ቅርፊታም ፍሬ ውስጥ ሞላላና ነጭ፥ ዘይት የበዛበት ቅንጣት አለ፤ ሊባኖሳውያን በሩዝ ላይና በሥጋ ውስጥ ይጨምሩታል፥ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ፍሬው ለመብሰል ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ የሦስት ዓመት ፍሬ በአንድነት ይታያል፥ ለቃሚውም የዘንድሮውን ሲያወርድ የከርሞውን እንዳይሰብር መጠንቀቅ አለበት። ለቃሚዎች እስከ ጫፉ ወጥተው በረጅም ዘንግ ያወርዱታል፤ ይህም አደገኛ ሥራ ነው። የወረደው ፍሬ በፀሐይ ተሰጥቶ ሲከፈት ቅንጣቱ ይወጣል፥ ይሰበራል፥ ባዶው ቅርፊት ለማገዶ ይሆናል። ባለ ርስቱ ዛፉን ለሳንቃ ቢሸጥ አንድ ጊዜ ያገኛል፥ ቢተወው ግን ልጆቹ ይበሉበታል፤ የመትን ሰኖበር የቆመው በዚህ ሒሳብ ነው። ባለፉት ዓሥርት ዓመታት ከሰሜን አሜሪካ የመጣ አንድ ተባይ ፍሬውን ገና በቅርፊቱ ውስጥ እያለ እየመጠጠ ባዶ ስለሚያደርገው ምርቱ እጅግ ቀንሷል። ይህ ለተባይ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ጕዳይ አይደለም፤ ፍሬው ከጠፋ ዛፉን ያቆመው ሒሳብም ይጠፋልና።

የተራራው ዝግባ ደግሞ ለፍሬው የሚበላ አይደለም፤ ስለዚህ ጠባቂው ሌላ ነበር። በብሸሪ በላይ ያለውና የእግዚአብሔር ዝግባዎች የሚባለው ደን በማሮናውያን ፓትርያርክ ሥልጣን ሥር ሆኖ፥ ዛፍ የሚቈርጥ በውግዘት ይከለከል እንደ ነበር የጥንት መንገደኞች ጽፈዋል። በደኑ መካከል በ1843 ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ በየዓመቱም በነሐሴ ወር የደብረ ታቦር በዓል በዚያ ይከበራል። ውግዘቱ ሰውን ከለከለ፥ ፍየልን ግን አልከለከለም። ፍየሉ ከሥር የሚወጣውን ቡቃያ ሁሉ ስለሚበላው ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመው ልጅ አልነበራቸውም። በ1876 በገዥው በሩስተም ፓሻ ዘመን 102 ሄክታር የሚሆነው ደን በድንጋይ ካብ ተከበበ፤ ወጪውንም የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ከፈሉ። ከደኑ በታች ያለው ሸለቆ፥ ቃዲሻ የተባለው፥ የመነኮሳት ዋሻ የበዛበት ነው፤ ሸለቆውና ደኑ በ1998 በዓለም ቅርስነት በአንድነት ተመዝግበዋል። በዚህ አካባቢ በኤህደን መንደር በ15ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩ ነበር፤ ገዳሙም እስከ ዛሬ የሐበሾች ማር ያዕቆብ ይባላል። በዘመኑ በነበረው የሃይማኖት ክርክር ምክንያት ከዚያ እንዲወጡ መደረጋቸውን የማሮናውያኑ ፓትርያርክ እስጢፋኖስ አድ ደወይሂ በታሪኩ መዝግቧል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ልጆች አንዳንዶቹ የመዝሙሩን ዛፍ በዓይናቸው እያዩ መዝሙሩን ደግመዋል።

በዚያው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገዳም፥ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል የነበረውን፥ በ1445 ደብረ ሊባኖስ ብለው ሰየሙት። እኒሁ ንጉሥ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ተራራ በደን እንዳለበሱት በትውፊት ይነገራል። ስሙን ከሊባኖስ የወሰደ ንጉሥ ዛፍም መትከሉ የተገናኘ ነገር ይሁን አይሁን ታሪክ አይናገርም፤ የመናገሻ ጥድ ግን እስከ ዛሬ አለ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለዛፍ ያላት አያያዝ ከሊባኖሱ ውግዘት ጋር ይመሳሰላል፥ ስፋቱ ግን ይበልጣል። በየደብሩ ዙሪያ ያለው ጥድ፥ ወይራ፥ ዝግባ፥ ኮሶና ዋንዛ የቅጽሩ አካል ሆኖ ይቈጠራል። ጥንታውያን ሠራተኞች እንጨትን እንዴት ያውቁት እንደ ነበረ በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ይታያል፤ ድንጋይና እንጨት ተራ በተራ እየተደረደሩ የቆሙት ግንቦች ስምንት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ኖረዋል። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ28 አድባራትና ገዳማት ደን ባደረጉትና በ2007 በፈጸሙት ጥናት 168 ዓይነት እንጨትነት ያላቸው ተክሎች ተገኝተዋል፤ ከቅጽሩ ውጭ ያለው አገር ግን በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ ሆኗል። ጥናቱ እንዳስረዳው የደኑ ጠላት መጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ ዘሩ ይበቅላል፥ የበቀለውን ግን ከብት ይረግጠዋል፥ ይግጠዋል፥ ስለዚህ አሮጌው ዛፍ ተተኪ ያጣል። ይህም በብሸሪ ከ1876 በፊት የታየው ነገር ራሱ ነው። መድኃኒቱም አንድ ሆነ፤ ካህናትና ምእመናን ከየእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ እየካቡ አንዳንዱን ደን አጠሩት፥ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ፥ ቡቃያውም ተረፈ። ለዚህ ሥራ የንግሥት ገንዘብ አላስፈለገም።

በቤይሩት የዛፍ ጥናት የተጀመረው በሃይማኖት ሰዎች እጅ መሆኑ ለገዳማውያን አንባቢዎች የሚያስደስት ይሆናል። አሜሪካዊው ሚስዮናዊና ሐኪም ጆርጅ ፖስት የሶርያን፥ የፍልስጥኤምንና የሲናን እጽዋት ዝርዝር መጽሐፍ በ1896 ፈጸመ፤ የሰበሰባቸው የደረቁ ቅጠሎችም በ1866 በተመሠረተው፥ ዛሬ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ትምህርት ቤት መዝገብ ሆኑ። የኢየሱሳውያኑ አባት ፖል ሙተርድም ከ1966 ጀምሮ የሊባኖስንና የሶርያን እጽዋት እንደ ገና በሰፊው አስታተመ። የመንግሥቱ የደን ሕግ በ1949 ወጣ፤ በ1996 የወጣው 558ኛው ሕግ ደግሞ የዝግባንና የጥድን ደን ሁሉ ከለለ። በዚያው ዓመት ከቤይሩት በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሹፍ ዝግባ ክልል ተመሠረተ፤ በአገሩ ካለው ከ2,000 ሄክታር ብዙም ከማይበልጥ የዝግባ ደን ሩቡ ያህል በዚህ ይገኛል።

ሕጉ መጥረቢያን ከለከለ እንጂ ብርድን አልከለከለም። በ2019 የአገሩ ገንዘብ መውደቅ ሲጀምርና ነዳጅ ሲወደድ በተራራው ያለ ድኻ ለክረምቱ ወደ ዛፍ ዞረ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከቤይሩት በስተ ደቡብ በዳሙርና በመሽረፍ፥ በመትንም ኮረብታዎች ብርቱ እሳት ተነሥቶ ብዙ ዱር በላ። እሳቱ ከሥር ያልተነሣ ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ ባለበት ይበረታል። የሹፍ ክልል ሰዎች ሁለቱን ችግር በአንድነት ለመፍታት ያሰቡት ዘዴ ብልሃት ያለበት ነው፤ ከተጨናነቀው የባሉጥ ደን የተመለመለውን ቅርንጫፍ ይፈጩና ከወይራ ዘይት መጭመቂያ ከሚቀረው አተላ ጋር አዋሕደው በመጫን ለምድጃ የሚሆን ጡብ መሳይ ማገዶ ይሠራሉ። ደኑ ይሳሳል፥ እሳቱ ይቀንሳል፥ ቤቱም ይሞቃል፤ ቋሚ ዛፍም አይወድቅም።

ለሕንጻ የሚሆን እንጨት ግን ሌላ ጕዳይ ነው። ለፈርዖኖች መርከብ እንጨት ትሸጥ የነበረች አገር በ19ኛው መቶ ዓመት የቤይሩትን ባለ ቀይ ጣሪያ ቤቶች ስታሠራ ሸክላውን ከማርሴይ፥ ወራጁንና ማገሩን ከአናጦልያ በመርከብ ታስመጣ ነበር። በነሐሴ 4 ቀን 2020 በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ በጀማይዜ፥ በማር ሚካኤልና በሱርሶቅ ሰፈር ያሉትን እነዚህን ጣሪያዎች ሲያነሣ፥ በጭቃ ቅብና በሸክላ ተሸፍኖ የነበረው የቈየ እንጨት ለፀሐይ ወጣ። አናጢዎች የተሰበረውን ከጤነኛው እየለዩ፥ የሚያገለግለውን ሠረገላ እንደ ገና እየሰቀሉ፥ የጐደለውን ከውጭ በመጣ እንጨት ሞሉት። በአውሮፓና በአሜሪካ ሳንቃን በሳንቃ ላይ በመስቀልኛ እየደረደሩ በማጣበቅ ፎቅ የሚያቆም አዲስ ጥበብ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተስፋፍቷል፤ በኖርዌይ በ2019 ከ85 ሜትር በላይ የሚቆም የእንጨት ሕንጻ ተመርቋል። ይህ ጥበብ ቀጫጭን እንጨትን ለታላቅ ሥራ ያበቃል፥ ነገር ግን በየዓመቱ ተተክሎ በየዓመቱ የሚቈረጥ ሰፊ ደን ይፈልጋል፤ ሊባኖስ ይህ የላትም። በሹፍ ተራራ የሚተከለው የዝግባ ችግኝ ለሳንቃ አይደለም፤ የአየሩ ሙቀት በረዶውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ችግኙም ከአሮጌዎቹ ዛፎች በላይ ባለው ገላጣ ዳገት ላይ ይተከላል።